አልፋ ሮሜዮ ጂቲኤን ወደ ጥንቱ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ። መዶሻ መያዝ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። አሁን የምሠራው ጣሊያን ውስጥ፣ ሚላን አቅራቢያ ባለች ትንሽ ጋራዥ ነው። የድሮ የውድድር መኪኖችን እናድሳለን። ከአገር ቤትም ከውጭም የሚደውሉልኝ ወዳጆች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሰው። ነገሩ እንዳይበተን አንዲት መኪና ይዤ እሄዳለሁ፤ በ1965 የወጣችውን አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲኤ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጂቲኤ ምን ዓይነት መኪና ናት?

መጀመሪያ ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲ የምትባል ቆንጆ የመንገድ መኪና ነበረች። ቤርቶኔ ቤት ይሠራ የነበረው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው የሳላት። አልፋ ይህችን መኪና ወስዶ ክብደቷን ቀነሰላት። ስሟ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» የመጣችው «አሌጄሪታ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ የቀለለች ማለት ነው። የውጭ ላሜራዋ አሉሚኒየም ሆነ። ቸርኬዋ ማግኒዥየም፣ የጎንና የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ሆነ። 950 ኪሎ የነበረችው 745 ገባች። ሁለት ኩንታል ጤፍ ከላይዋ ወረደላት ማለት ነው።

ሞተሯ 1,570 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ነዳጁን የሚለኩሱ ሁለት ሁለት ካንዴላ አለው። ለመንገድ የተሸጠችው 115 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ለውድድር የተዘጋጀችው እስከ 170 ድረስ ትሄድ ነበር። የውድድሩን ሥራ የያዘው በካርሎ ኪቲ የሚመራው የአልፋ የውድድር ቤት፣ አውቶዴልታ ነው። አንድሬያ ዴ አዳሚች በ1966 እና በ1967 የአውሮፓ ቱሪንግ መኪኖች (ከመንገድ መኪና የተሠሩ የውድድር መኪኖች) ሻምፒዮን የሆነው በጂቲኤ ነው። በ1966 አሜሪካ ሰብሪንግ ላይ ትራንስ አም የሚባለው የአሜሪካ የቱሪንግ መኪኖች ውድድር የመጀመሪያው ሲደረግ ደግሞ ዮኸን ሪንት ትልልቅ ሞተር የተሸከሙትን የአሜሪካ መኪኖች ጥሎ አንደኛ የወጣው በዚችው መኪና ነው።

«ኦሪጅናል» ሲባል የትኛው ኦሪጅናል ነው?

ይህን ጥያቄ ሳይመልስ መፍቻ ያነሳ ሰው መኪናዋን ያበላሻታል። በጣም ከልቤ ነው የምለው።

የውድድር መኪና እንደ ቤት መኪና አንድ መልክ ይዛ አትኖርም። ከፋብሪካ ወጥታ አውቶዴልታ ትገባለች። እዚያ ሞተሯ ይከፈታል፣ የኋላ እግሯ ይለወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሰፋ ያለ ጎማ ይመጣና ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ፣ ፓራፋንጎዋ፣ ይቆረጣል። ከዚያ ለግል ተወዳዳሪ ትሸጣለች፤ እሱ ሌላ ቀለም ይቀባታል። ትጋጫለች፤ በአንድ ሌሊት ተቀጥቅጣ ጠዋት ትሰለፋለች። እና ወደ የትኛዋ እንመልሳት? ከፋብሪካ ወደወጣችበት ቀን? ወይስ ወዳሸነፈችበት ቀን?

አንዴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንዲት ጂቲኤ መጣችልን። የግራ የኋላ ፓራፋንጎዋ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ጉድጓድ ነበረች። ሥራዬ ነውና ከውስጥ ደግፌ ከላይ እየመታሁ በግማሽ ቀን ልሙጥ አደረግኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ የድሮ የውድድር ፎቶ አገኘና ይዞ መጣ። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ናት። ጉድጓዷም ያው ቦታ ላይ አለች። ከአምሳ ዓመት በላይ የቆየ የውድድር ቀን ምልክት በእጄ አጥፍቻለሁ። ድጋሚ ብመታት የኔ ጉድጓድ እንጂ የዚያን ቀኗ አትሆንም። ያን ቀን እህል አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ ፎቶና ሰነድ ተሰብስቦ ሳያልቅ መዶሻ አላነሳም።

የዓለም አቀፉ የጥንታዊ መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድ አለ። ለጥንታዊ ሕንፃዎች በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር መንገድ ይከተላል። ሐሳቡ ሲጠቀለል፦ መጀመሪያ ጠብቅ፣ ካልሆነ አክም፣ የግድ ሲሆን ብቻ አድስ። የቀየርከውንም መዝግብ፣ ምልክት አድርግበት። እኛ ጋራዥ አዲስ በገባ ላሜራ ሁሉ ጀርባ ላይ ዓመቱን እንመታለን። ከውጭ አይታይም። ነገ የሚከፍተው ሰው ግን የቱ የ1965 እንደሆነና የቱ የኛ እንደሆነ ያውቃል።

የኔ አቋም ይህ ነው። መኪናዋ በፎቶና በሰነድ የተረጋገጠ ትልቅ ውድድር ካላት ወደዚያ ቀን ትመለስ። ከሌላት ያለችበትን አክብሩ፤ የሚበላውን ዝገት ብቻ አቁሙ።

እውነተኛ ጂቲኤ መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ከኪሳችሁ ማግኔት አውጡ። የበሩ ላሜራ ላይ፣ ኮፈኑ ላይ፣ ጣሪያው ላይ አስጠጉት። መያዝ የለበትም። ከያዘ ተራዋ ስፕሪንት ጂቲ ናት፣ ወይም አንዱ ላሜራዋን በብረት ቀይሮታል። በሩን ከፍታችሁ የውስጡን አካል ስትነኩት ደግሞ መያዝ አለበት፤ ውስጡ ብረት ነውና።

ማግኔት ብቻውን ግን አይበቃም። በኋላ የመጣችው ባለ 1,300ዋ ጂቲኤ ጁኒየርም አሉሚኒየም ናት። ተራ መኪና ገዝቶ አሉሚኒየም የሚያለብስም አለ። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሯን እዩ። ግራ መሪ የሆነችው ባለ 1,600 ጂቲኤ ኤአር 613 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አላት። ቁጥሩን በጣታችሁ ዳስሱት። ዙሪያው ተፍቆ ወይም ተበይዶ ከሆነ ስታወሩ የነበረውን ዋጋ እርሱት። ከዚያ አሬዜ ለሚገኘው የአልፋ ሮሜዮ የሰነድ ማዕከል ጻፉ። ቁጥሩን ይዘው መኪናዋ መቼ እንደተሠራችና በምን ቀለም እንደወጣች ከመዝገብ አውጥተው ይነግሯችኋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን።

ሥራውን ከየት ልጀምር?

ከካሜራ። ምንም ሳትፈቱ ሁሉን አንሱ፤ ሽቦው በየት እንደዞረ፣ ቱቦው በየትኛው ቡሎን እንደታሰረ፣ የቡሎኑ ራስ ላይ ምን እንደተጻፈ። ስትፈቱ እያንዳንዱን በከረጢት አድርጋችሁ ጻፉበት። ምንም አትጣሉ። የበሰበሰ ምንጣፍ እንኳ አትጣሉ፤ አዲሱ የሚቆረጠው በሱ ልክ ነው። አሮጌ ጓርኒሲዮንም፣ በሁለት አካል መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ውፍረቱ ይለካል።

አሉሚኒየም አይዝግም ይባላል። ታዲያ ላሜራው ለምን እንዲህ ይበላል?

አሉሚኒየምና ብረት ተጣብቀው መሀላቸው እርጥበት ሲገባ ልክ እንደ ባትሪ ይሆናሉ። ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በዚህ ግብይት የሚከፍለው አሉሚኒየሙ ነው። ጂቲኤ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ናት፤ የብረት አጥንት ላይ በሪቬት (ላሜራ በሚያያይዝ ምስማር) እና በማጣበቂያ የተለበጠ የአሉሚኒየም ቆዳ። ክረምት ላይ ጭቃና ጨው ከበሩ ሥር ይገባል። ፋብሪካው በመሀላቸው ያደረገው መከላከያ ስልሳ ዓመት እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። መኪናዋ የተሠራችው ለሚቀጥለው እሁድ ነው።

ምልክቱን ልንገራችሁ። በሪቬቱ ራስ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ብጉር ያብጣል። በጥፍራችሁ ስትጭሩት ነጭ ዱቄት ይወርዳል። እሱ የተበላ አሉሚኒየም ነው። ከሥሩ ያለው ብረትም አብዛኛውን ጊዜ ዝጓል፤ ዝገቱ ሲያብጥ ላሜራውን ከውስጥ ይገፋዋል።

መድኃኒቱ ረጅም ነው፤ አቋራጭ የለውም። የሪቬቶቹን ቦታና ርቀት በወረቀት ላይ እንገለብጣለን። ከዚያ አንድ በአንድ በድሪል ራሳቸውን እናነሳለን። ላሜራው ሲነሳ የብረቱ አጥንት ይታያል። የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ በዚያው ውፍረት ብረት ይበየዳል። ሙሉ ብረቱ ኢፖክሲ አንቲረስት ይቀባል። መገናኛው ላይ አሉሚኒየምና ብረት እንዳይነካኩ ማሸጊያ ይደረጋል። ከዚያ ያው ላሜራ፣ በያው ቀዳዳ፣ በያው ዓይነት ሪቬት ይመለሳል። ይህ ማሸጊያ ኦሪጅናል አይደለም የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ አይደለም። ግን አይታይም፣ ላሜራውንም ያድነዋል። እዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ከሌላ ቤት ታድሳ የመጣች መኪና አውቃለሁ። ቀለሟ መስታወት ይመስል ነበር። ፍቀን ስናየው ከበሩ ሥር ያለው ሁሉ ስቱኮ፣ ከቀለም በታች የሚለሰን መሙያ፣ ነው፤ ውፍረቱ ጣት ያህላል። ዝገቱ ከሥር ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ከፈለ።

የተበላውን ላሜራ አውጥቶ አዲስ ማስገባት አይቀልም?

ይቀላል። ግን ስንት ቦታ ላይ እንደዚያ ካደረግን በኋላ የ1965 የሆነ ነገር ይቀራል? እኔ የተበላውን ጠርዝ ብቻ ቆርጬ መጣፍ እመርጣለሁ።

አሉሚኒየም ሲመታ ይደድራል፤ ከደደረ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማለስለስ አለበት። ችግሩ እንደ ብረት ቀልቶ አይነግራችሁም፤ ሳታስቡት በአንዴ ይቀልጣል። የድሮ ባትላሜራዎች ዘዴ አላቸው። አሴቲሊኑን ብቻ ለኩሰው ላሜራውን በጥላሸት ያጠቁሩታል። ከዚያ ኦክስጅኑን ከፍተው ነበልባሉን ራቅ አድርገው ያዞሩበታል። ጥላሸቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ በቃ፣ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ በእጅ እንደ ወፍራም ካርቶን ይታጠፋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኝ ሽማግሌ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ጥላሸቱን ብቻ በጣቱ ጠቆመኝ።

ብየዳውም በጋዝ ቢሆን ይሻላል፤ የዚያን ዘመን እጅ ነው። የጋዙ ስፌት ለስላሳ ስለሆነ በመዶሻ ተመትቶ ከላሜራው ጋር ይዋሃዳል። በቲግ፣ በኤሌክትሪክ ብየዳ፣ የተበየደው ጠንካራ ነው፤ ሲመቱት ሊሰነጠቅ ይችላል። በጋዝ ስትበይዱ የምትቀቡት የብየዳ ማጽጃ፣ ፍለክስ፣ ግን በሙቅ ውሃ በደንብ ይታጠብ። ከቀረ ቀለሙን ከሥር ይበላዋል።

ቀለሙን በአሸዋ ማስነፋት ይቻላል?

አሉሚኒየሙን በጭራሽ። ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ እንደ ባሕር ይወዛወዛል። ኮስቲክ ሶዳም አታስነኩት፤ ያሟሟዋል። ለአሉሚኒየም የተሠራ ቀለም ማንሻ፣ የእንጨት መፋቂያና ትዕግሥት ያስፈልጋል። በየሽፋኑ ደግሞ ቆም በሉ። ከላይ ካለው ቀይ ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር የውድድር ቁጥር ክብ ሊወጣ ይችላል። ሲወጣ ፎቶ አንሱት፤ ትንሽ ቦታም ሳትነኩት ተዉት።

ሞተሩስ?

ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ ካሚቻዎቹ፣ ፒስቶኑ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች፣ ብረት ናቸው፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ብሎኩን ሳትነኩ አዲስ ካሚቻና ፒስቶን ማስገባት ይቻላል። የዚህ ሞተር የታወቀ ድካም የቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን ላይ ነው። ዘይቱ ወደ ላይ በሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ሲደርቁ ዘይትና ውሃ ይገናኛሉ። ቴስታታው ከተነሳ ሳትቀይሯቸው አትዝጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ውስጣቸው ሶዲየም አለበት፤ ሙቀት እንዲያወጣ ነው። ሶዲየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የተጣለ ቫልቭ አንስታችሁ እንዳትቆርጡ።

ሞተሩ የሌላ ከሆነ ብዙ አትደንግጡ። የውድድር መኪና ሞተር ይቀየርላታል፤ ከታሪኳ አንዱ ነው። ግን የራሷ ብሎክ ተሰንጥቆ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ከመኪናዋ ጋር ይሂድ። ለቁራሌው አትስጡት።

በድሮዎቹ ማግኒዥየም ቸርኬዎች መንዳት እችላለሁ?

እኔ ልጄን አላስቀምጥባቸውም። ማግኒዥየም በዕድሜ ይበላል፣ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ቀለም ሰርጎ ስንጥቅ በሚያሳይ ፈሳሽ ወይም በኤክስሬይ ይመርመር። የሚሻለው ኦሪጅናሎቹን ጠርጎ ማስቀመጥ፣ ለመንዳት በዚያው ቅርጽ አዲስ የተሠሩትን መግጠም ነው። ማግኒዥየም ስትሞርዱ ዱቄቱ እሳት ይይዛል። ከያዘ ውሃ አትድፉበት፤ ይብሳል። ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር።

ባለ አራት ቅጠሏን የአልፋ የውድድር ምልክት ልለጥፍባት?

ፎቶው ላይ ካለች አዎ። ከሌለች ተዉት። ምልክቷ የጀመረችው በ1923 ነው። የአልፋ ነጂ ኡጎ ሲቮቺ ታርጋ ፍሎሪዮ የሚባለውን የሲሲሊ ውድድር ያሸነፈው መኪናው ላይ አረንጓዴ ባለ አራት ቅጠል ሥሎ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሞንዛ ውስጥ ሲለማመድ ሞተ፤ የዚያን ቀን መኪናው ላይ ቅጠሏ አልነበረችም። የሰው ነፍስ ያለባት ምልክት ናት፤ እንደ ተራ ስቲከር አትታይም።

መለዋወጫ ከየት አገኛለሁ? ጣሊያንኛ አልችልም።

ከጣሊያን፣ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመንና ከሆላንድ። ለመንገዷ መኪና የሚሆነው ብዙው ዛሬም ይሠራል። የጂቲኤ ብቻ የሆነው ግን፣ ባለ ሁለት ካንዴላው ቴስታታ፣ ማግኒዥየም ሽፋኖቹ፣ ሶማሌ ተራም ሚላንም በቀላሉ አይገኝም። ውድ ነው፣ ይጠበቃል።

ስለ ቋንቋው አትጨነቁ። የፋብሪካውን የመለዋወጫ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጥኩ ቀን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፍሪዚዮኔ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ላሚዬራ፣ ጓርኒዚዮኔ፣ ካሚቻ፣ ቡሎኔ፣ ፍሬቻ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በልጅነቴ «ያንን አቀብለኝ» ሲሉኝ የሰማኋቸው ቃላት ናቸው። ጣሊያንኛ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልችል የሞተሩን ገጽ አነብ ነበር። የኛ አገር መካኒክ ይህን መጽሐፍ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። አትፍሩት።

ስንት ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል?

ሙሉ እድሳት ከሺህ የሥራ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ገንዘቡን የሚበላው ዕቃው ሳይሆን ይህ ሰዓት ነው። በአንድ ዓመት አስረክባለሁ የሚላችሁን ሰው የሠራውን መኪና ሥሩ ገብታችሁ እዩለት።

ጨርሶ ባትታደስስ?

አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። በ2015 ፓሪስ ላይ አርትኩሪያል የሚባለው የጨረታ ቤት የባዮንን የድሮ መኪኖች ስብስብ ሲሸጥ፣ አሮጌ ጋዜጣ ተጭኖባት፣ አቧራ ለብሳ የተገኘች ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ በ16.3 ሚሊዮን ዩሮ ሄደች። አንድም ሰው አላጠባትም ነበር። ያልተነካ ቀለም፣ ያልተነካ ወንበር አሁን ከሚያብረቀርቀው በላይ ይፈለጋል። መኪናችሁ እንደዚያ ከሆነች ፍሬኗን፣ የነዳጅ ቱቦዋን፣ ጎማዋን አስተካክሉና ከሌላው እጃችሁን አንሱ።

ታድሳ ካለቀች በኋላ ውድድር መግባት ትችላለች?

ትችላለች። ለጥንታዊ መኪኖች ውድድር የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት አካል፣ የኤፍአይኤ፣ የቴክኒክ ፓስፖርት ያስፈልጋታል። ፓስፖርቱ መኪናዋ በዘመኗ በነበረው ልክ መሠራቷን ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ በፎቶ መመዝገባችሁ እዚህም ይጠቅማል። መኪናዋ ስትገለበጥ ነጂውን እንደሚጠብቅ የብረት ቱቦና እንደ ቀበቶ ያሉ የደኅንነት ነገሮች ግን ይጨመራሉ። ስትጨምሩ የድሮውን አካል ሳትቆርጡ በቡሎን እሰሩ።

ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ምን ልጠንቀቅ?

ስምንቱንም ካንዴላ አውጡ። ነዳጁን ዝጉ። በማስነሻው፣ በሞተሪኖ፣ ብቻ እያረፋችሁ አዙሩት፣ የዘይት ግፊት ቀስቱ ከፍ እስኪል። ቀስቱ ካልተነሳ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ፤ «ሲነሳ ይስተካከላል» አይባልም። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሱ። ሽቦዎቹ ስምንት ናቸው፤ ሁለቱ ከተቀያየሩ በካርቡራተሩ በኩል እሳት ይተፋል፤ ስለዚህ ማጥፊያ የያዘ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ሲነሳ በዝቅተኛ ዙር አትተዉት፤ አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ካለው ለሃያ ደቂቃ ያህል ሁለት ሺህ ዙር አካባቢ ያዙት። ዓይናችሁ ከዘይትና ከሙቀት ቀስት አይነሳ። አጥፉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ። ጠዋት የቴስታታውን ቡሎኖች በቅደም ተከተላቸው ደግማችሁ አጥብቁ። ከሥሩም ካርቶን አንጥፉ፤ የት የት እንደሚያንጠባጥብ ካርቶኑ ይነግራችኋል።